ገጣባው ፈረስ በጥር ጊዮርጊስ

እስቲ ጠጋ ብላችሁ ስሙኝ። የምተርክላችሁ የእንጅባራን ነው።

ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ፣ ዓባይን ተሻግራችሁ፣ ደብረ ማርቆስንና ቡሬን አልፋችሁ፣ ጥሊሊን ወደ ኋላ ስትተዉ ብርዱ በመኪናው መስኮት ገብቶ ይቀበላችኋል። ከመንገዱ ዳር የቀርከሃ ወንበርና የቀርከሃ አልጋ ተደርድሮ ካያችሁ ደርሳችኋል ማለት ነው። እንጅባራ የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ዋና ከተማ ናት፤ አንዳንዱ ሰው አሁንም ኮሶ በር ይላታል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለሆነች በጥር ጠዋት ጋቢ ሳይደርብ የወጣ እንግዳ ወዲያው ይታወቃል። ገበያዋ ውስጥ ሻጭና ገዢ በአውኚ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሳሉ፤ ዋጋው ካልተስማማ ደግሞ ወደ አውኚ ይመለሳሉ።

በዚያ አገር ፈረስ ያርሳል። የተሳሳትኩ እንዳይመስላችሁ፤ ያርሳል። ለሌላው የሀገራችን ገበሬ ጥማድ ሲባል የሚታየው በሬ ነው። የአዊ ገበሬ ግን በፈረስም ሲያርስ ኖሯል፤ ዛሬም ያርሳል። ያው ፈረስ ድንች ጭኖ ገበያ ይወርዳል፤ ጋሪ ይጎትታል፤ አውድማ ላይ እህል ያበራያል፤ ሰርግ ሲሆን ሙሽራ ያመጣል፤ ለቅሶ ሲሆን ጌታውን ይሸኛል። ጥር 23 ቀን ደግሞ ይጫወታል። የእንጅባራ ሰው በምን ይዝናናል ብሎ የሚጠይቀኝን ሰው መጀመሪያ ይህን ነው የምነግረው፤ መጫወቻቸው ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ የከረመ ነው።

ጥርን ታውቁታላችሁ። እህሉ ጎተራ ገብቷል፤ ጥምቀት አልፏል፤ ሰርግ በየደጁ ነው። ሰባረ አጽሙ ጥር 18 ተከብሮ አምስት ቀን ሲቆይ ጥር ጊዮርጊስ ይመጣል። በዚያ ቀን የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን ያከብራል፤ ባላገሩ ከየወረዳው ፈረሱን ይዞ ወደ እንጅባራ ይጎርፋል። ሰባቱን ቤት ሽማግሌዎች ሲቆጥሩ አንከሻ፣ ባንጃ፣ አዘና፣ ቋቁራ፣ ዚገም፣ ጫራ፣ መተከል ይላሉ። ቅደም ተከተሉ ግን እንደ ቆጣሪው ነው፤ ማንም የራሱን ቤት መጨረሻ ላይ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ አንድ ቤት ልውሰዳችሁ። ከከተማው ዳር ነው፤ ከአጥሩ በላይ ቀርከሃ ይወዛወዛል። አባወራው በዕድሜ የገፉ፣ የማኅበሩ አባል የሆኑ ሽማግሌ ናቸው። ስማቸውን አልነግራችሁም። ታሪኩን ከማን እንደሰማሁት በኋላ ትደርሱበታላችሁ፤ ያን ጊዜ ለምን እንደሸሸግኩላቸው ይገባችኋል። በቤቱ ውስጥ ምራታቸው አለች። ሁለት የልጅ ልጆች አሉ፤ አንድ ጎረምሳና አስራ አንድ ዓመት የሞላት አንዲት ቀዥቃዣ። ከግቢው ማዶ ደግሞ አንድ ዳማ ፈረስ ታስሯል።

ጎረምሳው በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በስግሪያ እንዲሰለፍ ተፈቅዶለት ነበር። ስግሪያን ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ግልቢያ አይደለም። ፈረሱ ሳይዘል፣ እግሩን በፍጥነት እየለዋወጠ፣ ጀርባው ላይ ያለው ሰው ሳይነቀነቅ ይሄዳል። ማንም ፈረስ ላይ ወጥቶ መጋለብ ይችል ይሆናል፤ ፈረስን ማሰገር ግን ወራት የፈጀ ልምምድ ይጠይቃል። ልጁ ልምምዱን ጨርሷል። የጎደለው ጌጥ ነበር። የአያቱ የድሮ ኮርቻ አለ፤ ልጓሙም አለ፤ እርካቡም በባዶ እግር ዘመን የተሠራ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል የሚያዘው ቀጭኑ ነው። መርገፉ ግን አርጅቷል። የጓደኞቹ ፈረሶች ቀይና ቢጫ መርገፍ ግንባራቸው ላይ ሲያንዘፈዝፉ የእኔ ዳማ ራቁቱን ሊቆም ነው እንዴ አለና ገንዘብ ፍለጋ ወጣ።

ገንዘቡ የት ተገኘ? ከድንች። ነጋዴ ዘንድ ሄዶ በፈረሱ ድንች ላመላልስልህ አለ። ነጋዴውም እሺ አለ። አንድ ጆንያ፣ ሁለት ጆንያ፣ ከማሳ ወደ አስፋልት፣ ከአስፋልት ወደ ማሳ። ሒሳቡ ጥሩ ነበር። ልጁም ቀይ መርገፍ፣ ቢጫ መርገፍ፣ ለግንባሩ የምትሆን ትንሽ መስታወት፣ ለአንገቱ ቃጭል ገዛ። ምንም አልጎደለም።

የበዓሉ ዋዜማ ማታ ሽማግሌው ከቤት ወጡ። ልጁ ጌጡን በሙሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ዘርግቶታል።

«አባባ፣ ኮርቻውን ላምጣው? አንዴ ጭነነው እንየው።»

«ታመጣዋለህ። መጀመሪያ ግን ጀርባውን አሳየኝ።»

«ምን ሊሆን? ደህና ነው።»

«እኔ ደህና አይደለም አልኩህ? አሳየኝ ነው ያልኩህ።»

ልጁ ፋኖስ ያዘ። ሽማግሌው በመዳፋቸው ከጋማው ጀምረው ወደ ኋላ ዳበሱ። ኮርቻው የሚያርፍበት ቦታ ሲደርሱ ዳማው ቆዳውን አንቀጠቀጠና ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። ፀጉሩ ተመልጧል፤ ሥጋው ቀልቷል። ገጥቧል።

ይህን ሲያዩ ይጮኻሉ ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል፤ ልጁም ጠብቆ ነበር። ሽማግሌው ግን አልጮኹም። ሄደው አግዳሚው ላይ ተቀመጡና መርገፉን በጣታቸው አንስተው አዩት።

«ቆንጆ ነው። ስንት ገዛኸው?»

ነገራቸው።

«በስንት ጆንያ?»

ይህንንም ነገራቸው። ከጆንያው ሥር ግላሱን፣ የፈረሱን ልብስ፣ ሁለት እጥፍ አድርገህ ነበር ወይ አሉት። ዝም አለ። ግላሱ እንዳይቆሽሽ ብሎ ለበዓሉ አስቀምጦት ኖሯል።

«እንግዲህ ስማ» አሉት፤ «ባለ ፈረስ ሁሉ ስም አለው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ተባሉ፤ ምኒልክ አባ ዳኘው ተባሉ፤ አሉላ አባ ነጋ ተባሉ፤ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል ተባሉ። አንተም ዛሬ ስም አወጣህ፤ አባ ድንች።»

ቀዥቃዣዋ በር ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር። ይህች ስም ከዚያች ማታ ወዲያ እንዳልተረሳች መናገር አያስፈልገኝም።

ውሃ ተሞቀ፤ ጨው ተጨመረበት። ልጁ ንጹሕ ጨርቅ እየነከረ ቁስሉን ሲያጥብ አያቱ አጠገቡ ተቀምጠው ወሬ ጀመሩ። ሽማግሌ ሲቆጣ ታሪክ ያወራል። «ይህ በዓል የማን እንደሆነ ታውቃለህ? የአንተም አይደለም፤ የእኔም አይደለም፤ የፈረሱ ነው» አሉት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ጦርነቱ ሲገጠም ቀኑ ጊዮርጊስ ነበር። የጎጃም ጦር በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እየተመራ ዘምቷል፤ የአገው ፈረሰኛም አብሮ ዘምቷል። ያ ሁሉ ሠራዊት ስንት ተራራና ስንት ወንዝ ተሻግሮ የደረሰው በእግሩና በከብቱ ጀርባ ነው። የሞተው ሰው ተለቅሶለታል፤ የሞተው ፈረስ ግን ማን አለቀሰለት? ማኅበሩ ሲመሠረት የፈረሱ ውለታ እንዲታሰብ ተባለ፤ ቀኑም የጊዮርጊስ ሆነ።

እዚህ ላይ እኔም የራሴን ጣልቃ ላስገባ። ማኅበሩ የተመሠረተበት ዓመት 1932 ዓ.ም. ነው። በ2012 ዓ.ም. ሰማንያኛ ዓመቱ ሲከበር ብዙ ሰው ቁጥሩን ሰምቶ አጨብጭቧል፤ እኔን ግን አሁንም የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። በ1932 ጣሊያን አገራችን ውስጥ ነበር። ጃንሆይ በኦሜድላ በኩል ድንበር የተሻገሩት ጥር 12 ቀን 1933 ነው፤ የጣሊያን ጦር ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ የሄደውም ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ዓድዋ ላይ የተሸነፈው ጠላት ከአርባ ዓመት በኋላ ተመልሶ ደጃቸው ላይ ሰፍሮ ሳለ፣ እነዚህ ሰዎች የዓድዋን ፈረስ የሚያስታውስ ማኅበር ያቆማሉ! በጣሊያን ዓይን ሥር ፈረሰኛ ሲሰበሰብ ጽዋ ነው ሊባል ይችላል፤ ዝክር ነው ሊባል ይችላል። በልባቸው የነበረውን እነሱ ያውቃሉ። እኔ ግን ይህን ጨዋታ ጨዋታ ብቻ አድርጌ ማየት የተውኩት ይህችን ሒሳብ ከሠራሁ ወዲህ ነው።

ወደ ልጁ እንመለስ። ቁስሉ ታጠበ። ነገ እንዴት እንሁን አለ። ሽማግሌው ቁርጡን ነገሩት፤ ፈረሱ ወደ በዓሉ ይሄዳል፤ ጌጡንም ያደርጋል፤ ኮርቻ ግን አይጫንበትም፤ ማንም አይወጣበትም።

«ታዲያ እኔስ?»

«አንተ ትስበዋለህ። ድንቹን ሲሸከምልህ ከርሞ የለ።»

ጥር 23 ጠዋት እንጅባራን ያላየ ሰው ፈረስ አይቻለሁ አይበል። ከአንከሻ በኩል፣ ከዚገም በኩል፣ ከባንጃ በኩል እየተሰለፉ ይገባሉ። ነጭ አምባላዩ አለ፤ ዳማው አለ፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራው አለ። አባቶች ጎፈር ደፍተው፣ ጋሻ አንግበው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው ይመጣሉ። ሚስቶቻቸው ከኋላ እልል ይላሉ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስልካቸውን ከፍ አድርገው ይቀርጻሉ። የባጃጅ ሾፌሮች በዚያ ቀን መንገዱ የእነሱ እንዳልሆነ ያውቃሉ፤ ጥግ ይዘው ቆመው ያያሉ። ሸንኮራ አገዳ ሻጩ፣ ቆሎ ሻጯ፣ ፊኛ ሻጩ ሁሉ ሜዳውን ከበውታል። ሕፃናት ከአባቶቻቸው ትከሻ አይወርዱም።

ከዚህ ሁሉ መካከል አንድ ፈረስ በመርገፍና በመስታወት አጊጦ፣ ጀርባው ባዶ ሆኖ፣ በአንድ ጎረምሳ እየተሳበ ገባ። ጓደኞቹ ሳቁ። «ምነው፣ ፈራኸው?» አሉት። ቀዥቃዣዋ እህቱ መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ዓይኑን አፈጠጠባት፤ አባ ድንች የሚለው ስም ሜዳው ላይ እንዳይወጣ የፈረሱን ገመድ ለእሷ ሰጣት። በዚህ ዓይነት ዳማውን የመያዝ ሹመት አገኘች ማለት ነው። ስትንጎራደድ ብታዩአት ሌላ ነበር። ትልልቆቹ ሰዎች ግን አልሳቁም። ባዶውን ጀርባ አዩ፤ ሽማግሌውን አዩ፤ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጥተው አለፉ። ገጣባ ፈረስ ጭኖ ከሚመጣና ባዶውን ስቦ ከሚመጣ ሰው የትኛው ባለ ፈረስ እንደሆነ ያውቃሉ።

ንግግር ነበር። በመድረኩ ላይ ረዘም ያለ ንግግር ነበር። እኔ በዚህ በዓል አንድ ነገር አርም ብባል ይህን ነው የማርመው፤ ፈረስ ተጭኖ ልጓሙን እያኘከ ቆሞ ሳለ ሰው ሦስት ገጽ ወረቀት ባያነብ ደስ ይለኛል። ፈረሶቹም በዚህ ይስማማሉ፤ መሬቱን በሰኮናቸው ሲፍቁ አይቻለሁ።

ከዚያ ስግሪያው ሆነ፤ ግልቢያው ሆነ፤ በመጨረሻ ጉግሱ መጣ። ጉግስ የጦርነት ልጅ ነው። ፈረሰኞቹ ሁለት ወገን ሆነው ይሰለፋሉ። አንዱ ወገን ሽምጥ እየጋለበ ይሸሻል፤ ሌላው ወገን ያባርራል፤ የያዘውንም ዘንግ ይወረውራል። የሚሸሸው ወደ ኋላ ዞሮ በጋሻው ይመክታል፤ ወይም ወደ ፈረሱ ጎን ተዘንብሎ ዘንጉን ያሳልፋል። ሜዳው ጫፍ ሲደርሱ ነገሩ ይገለበጣል፤ አባራሪው ተባራሪ ይሆናል። ጥሩ ጉግሰኛ የሚታወቀው በመወርወሩ ብቻ አይደለም፤ ፈረሱን ሳይመታ፣ አፉንም በልጓም ሳያደማ መመለስ አለበት።

ዘንግ ሲወረወር ይወድቃል። የወደቀውን ማን ያንሳ? እዚህ ላይ ነው የኛ ጎረምሳ ሥራ ያገኘው። አንድ የአያቱ ባልንጀራ ፈረሳቸው ላይ ሆነው «አንተ፣ ያቺን አቀብለኝ!» አሉት። ሮጦ አቀበለ። ሌላውም አቀብለኝ አለው። ከዚያ በኋላ ልጁን ማን ያቁመው! አቧራው ውስጥ ይገባል፤ ሰኮና ሲመጣ ዘወር ይላል፤ ዘንጉን አንስቶ ከፈረሱ እኩል እየሮጠ ያቀብላል። እናቱ እጇን ራሷ ላይ ጭና «ኧረ ጊዮርጊስ!» ትላለች። ሽማግሌው ግን ከዳር ሆነው «ከግራው ግባ! ከግራው!» እያሉ ያዝዙታል። በስግሪያው ቢሰለፍ ኖሮ ተራው በአፍታ ያልቅ ነበር። በዘንግ አቀባይነቱ ግን እስኪመሽ ሜዳው ላይ ዋለ። የሳቁበት ጓደኞቹም እኔም ላግዝ ብለው መጡ፤ ያን ጊዜ እሱ አዛዥ ሆነ።

ማታ ዳማው ገብስ በላ። ጌጡ ወልቆ በጨርቅ ተጠቀለለ።

በነጋታው ቤተሰቡ ዘንገና ወረደ። እንጅባራዎች በዓል ሲያልፍ፣ ሙሽራ ሲዞር፣ እንግዳ ሲመጣ ወደዚያ ነው የሚሄዱት። ከከተማው በአዲስ አበባ መንገድ ትንሽ ተጉዛችሁ ከአስፋልቱ ገባ ስትሉ ዛፉ ይከፈትና ክብ ሐይቅ ቁልቁል ይታያችኋል። እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የተወው ጉድጓድ ነው፤ ውሃ ሞላው። ጥልቀቱ 166 ሜትር ያህል ነው። ጣና ያን ያህል ባሕር እየተባለ በጥልቁ ቦታው ከ15 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ዘንገና ግን ከአንድ ዳር ተጣርታችሁ ከሌላው ዳር የምትሰሙት ሆኖ ሳለ እንዲህ ጠልቋል። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጠርዙ የማያስጠጉት ያለ ነገር አይደለም። ዳሩ ገደል ነው፤ እግር ከከዳ መቆሚያ የለም። ስለዚህ ዘንገና የሚዋኙበት ቦታ አይደለም፤ ተቀምጠው የሚበሉበት፣ የሚያወሩበት፣ ዙሪያውን የሚሄዱበት ነው።

ምራታቸው ድፎ ዳቦና የተቀቀለ ድንች ይዛ ነበር። ድንቹ ሲወጣ ቀዥቃዣዋ ወንድሟን አየችው፤ ወንድሟ ወደ ሐይቁ ዞረ። ጦጣ ከዛፍ ወርዳ የዳቦውን ጫፍ ነጥቃ ሄደች፤ ሽማግሌው ድንጋይ ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ ምራታቸው «ይተዋት አባባ፤ ለእሷም በዓል ነው» አለቻቸው።

እንግዲህ እኔ የምገባው እዚህ ላይ ነው። ከዘንገና ወደ ከተማ ሲመለሱ በቆመላቸው ሚኒባስ ውስጥ ነበርኩ። ተሳፈሩ፤ ሽማግሌው አጠገቤ ተቀመጡ። ልጁ ከኋላ ስልኩን አውጥቶ ጓደኛው የቀረጸውን ጉግስ ከፈተ። ሽማግሌው አንገታቸውን አዙረው አዩና «መልሰው» አሉ። መለሰው። «አሁንም መልሰው። ይኼ ሰውዬ ጋሻውን አዘገየ፤ በእኛ ጊዜ ቢሆን ተመትቶ ነበር።»

ረዳቱ ከበሩ ላይ ሆኖ «የአንከሻ ሰው ነው እኮ፤ እነሱ አይመቱም» አለ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ዘወር አሉና አንከሻ በምን አፉ፣ ባንጃ ባለበት አሉ። ሾፌሩ ራሱ ዚገምን አነሳ። አንዱ ልጁን ተመልክቶ «አንተ ዘንግ ስታቀብል የነበርከው አይደለህም? ስምህ ማነው?» ሲለው ቀዥቃዣዋ ወንድሟ አፉን ሳይከፍት «አባ ድንች!» ብላ ጮኸች። መኪናው በሳቅ ተናወጠ። ስሙ ከየት መጣ ተብሎ ሲጠየቅ ሽማግሌው ነገሩን ከጆንያው ጀምረው ተረኩ፤ እኔም በዚያው ሰማሁ። አንድ ነገር ብቻ ለመኑን፤ ግላሱ ሳይታጠፍ መቅረቱን ለማኅበሩ ሰው እንዳንናገር። እኔ ስማቸውን ሸሽጌ ተናገርኩ እንጂ አልተናገርኩም አልልም።

መናኸሪያ ደርሰን ስንወርድ ረዳቱ ሒሳብ መሰብሰቡን ረስቶ ከእናትየዋ ጋር ስለ ባንጃ ይከራከር ነበር። ልጅቱም የአያቷን ጋቢ ይዛ በሚቀጥለው ዓመት ዳማው ላይ የምወጣው እኔ ነኝ ትላለች፤ እሳቸውም መጀመሪያ ግላስ ማጠፍ ተማሪ ይሏታል።